የጥቅሉ ስምና የቋንቋው ጅራት

አንባቢ ሆይ! በመዝገብ ቤት የሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ሳይነገርዎ ያውቃሉ። ደብዳቤ ጠፋ ሲባል ብዙ ጊዜ ወረቀቱ አልጠፋም፤ የገባበት ፋይል ሌላ ስም ተጽፎበት ነው። ባለጉዳዩ ከዳባት ገጠር በእግሩ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ወረቀቱ ከመደርደሪያው ላይ ተኝቶ ሳለ «የለም» ይባላል። ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ስለዚሁ ዓይነት ነገር ነው፤ ብቻ መደርደሪያው የኮምፒዩተር ነው። የሶፍትዌር መመሪያዎችና ሰነዶች በየቋንቋው ተዘጋጅተው ሲጠቀለሉ፣ ጥቅሉ ምን ተብሎ ይጠራል? ርእሱን ሲሰሙ ማዛጋት እንደሚቃጣዎ አውቃለሁ። በኮሌጅ አብረውኝ ከተማሩት መካከል በዚህ ትምህርት ሰዓት ያላንቀላፋ ጥቂት ነው። ቢሆንም እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ።

እኔ ደባርቅ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በኮምፒዩተር ክፍላችን ያሉት መሣሪያዎች የሚሠሩት በነጻ በሚታደለው ኡቡንቱ በተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ኡቡንቱ ደግሞ የተሠራው ዴቢያን ከሚባለው ላይ ነው። ዴቢያንን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ኢያን መርዶክ የተባለ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ነበር፤ ስሙንም በዚያን ጊዜ ወዳጁ ከነበረችው ከዴብራና ከራሱ ስም ገጣጥሞ አወጣው። ተማሪዎቼ ግን ዴቢያን ሲባል የደባርቅ ዘመድ ይመስላቸዋል። እኔም አልከለክላቸውም።

እንዲህ ያለው ሥርዓት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሎች አሉት። ፕሮግራሙ አንድ ጥቅል፣ መመሪያው ሌላ ጥቅል፣ ትርጉሙም ሌላ ጥቅል ነው። ኢንተርኔት ባለበት አገር ሰው ስሙን ቢሳሳት ምንም አይደለም፤ መልሶ ይሞክራል። በእኛ ዘንድ ግን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ የምንፈልገውን ነገር ሁሉ በወረቀት ጽፈን፣ ፍላሽ ይዘን፣ ወይም ለሚሄድ ሰው ፍላሹን አደራ ሰጥተን፣ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ጎንደር እንልክ ነበር። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ፊደል ቢያንስ፣ የአውቶቡስ ዋጋና የአንድ ቀን ሥራ ውሃ በላው ማለት ነው። ተማሪውም መመሪያውን በሚገባው ቋንቋ ሳያነብ ይቀራል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የደረሰበትን ልንገርዎ፤ ስሙን እንኳ አልጠራም። የጽሕፈት ፕሮግራሙ የሊብረ ኦፊስ ምናሌ በአማርኛ መኖሩን ሰምቶ ጥቅሉን ከጎንደር ሊያስመጣ ፈለገ። የጥቅሉ ስም መጨረሻ ላይ የቋንቋ ምልክት እንደሚገባ ያውቃል። ምልክቱን ሲያስብ የመጣለት ብዙ የኢትዮጵያ ድረ ገጾች የሚያልቁበት «ኢ-ቲ» ነው። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ በዓለም የአገሮች መዝገብ «ኢ-ቲ» ተብላ ትጠራለች። ስለዚህ «ኢ-ቲ» ብሎ ጻፈ፤ ጥቅሉም መጣ፤ ባንድ ትእዛዝም በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ ጫነው። በማግሥቱ ተማሪዎቹ ሲከፍቱት ከላይ በግራ በኩል ያለው የመጀመሪያው ቃል በእንግሊዝኛ አነባበብ «ፌይል» የሚል ሆነ፤ በውጤት ካርድ ላይ የሚያውቁት፣ የወደቀ ተማሪ ስም ፊት ለፊት የሚጻፈው ቃል! አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ገና ሳንጀምር ወድቀናል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

የመጣው የኢስቶንያ ቋንቋ ነበር። ኢስቶንያውያን ፋይልን የሚጽፉት የእንግሊዝኛውን የመውደቅ ቃል በሚመስል አጻጻፍ ነው፤ ሲያነቡት ግን እነሱም እንደኛው «ፋይል» ነው የሚሉት። ቋንቋቸውን በራሳቸው አፍ «ኤስቲ» ስለሚሉትም የቋንቋ ምልክቱ «ኢ-ቲ» ሆነ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሁለት የተለያዩ መዝገቦች አሉት። አንደኛው፣ ቁጥር 3166 የሚባለው፣ የአገሮች ነው፤ ሁለተኛው፣ ቁጥር 639 የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው፣ የቋንቋዎች ነው። በአገሮች መዝገብ «ኤ-ኤም» አርመን ናት፤ በቋንቋዎች መዝገብ «ኤ-ኤም» አማርኛ ነው። የአርመኖች ቋንቋ ሕዝቡ በራሱ አፍ በሚጠራበት ስም መሠረት «ኤች-ዋይ» ተብሏል። «ኦ-ኤም» በአገር በኩል ኦማን፣ በቋንቋ በኩል ኦሮምኛ ነው። አገሩና ቋንቋው አንድ ምልክት የያዙለት ጎረቤታችን ሶማሌ ነው፤ ሁለቱም «ኤስ-ኦ» ናቸው። ይህም ሰውን ይበልጥ ያሳስታል፤ በአንዱ የሠራ ሕግ በሁሉም የሚሠራ ይመስላልና።

በልማድ የአገሩ ምልክት በትልቁ የላቲን ፊደል፣ የቋንቋው ምልክት በትንሹ ይጻፋል። ይህ ልማድ ባለበት ዓይን ያለው ሰው ይለያቸዋል። የዴቢያን ሕግ ግን በጥቅል ስም ውስጥ ትልቅ ፊደል አይፈቅድም። ትናንሾቹ የላቲን ፊደሎች፣ አኀዞች፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት፣ ነጥብ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አይገባም። ስለዚህ ትልቅና ትንሽ መሆኑ ጠፍቶ መለያው ቦታው ብቻ ሆነ፤ ቋንቋ ይቀድማል፣ አገር ካስፈለገ ይከተላል። የብራዚል ፖርቱጋልኛ «ፒ-ቲ» ከዚያም «ቢ-አር» ነው። በመካከላቸውም በሌላ ቦታ የምናየው ከግርጌ የሚሰመረው መስመር ሳይሆን ጭረት ነው የሚገባው። ምክንያቱን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ እኔ ግን ደስ ስለሚለኝ ልንገርዎ። በጥቅሉ ፋይል ላይ ያ የግርጌ መስመር ሌላ ሥራ አለው፤ ስሙን ከእትሙ ቁጥር፣ የእትሙንም ቁጥር ከመሣሪያው ዓይነት የሚለየው እሱ ነው። በስሙ ውስጥ ቢገባ ስሙ የት እንዳለቀ አይታወቅም ነበር። በወንዝ ለሁለት የተከፈለ እርሻ ድንበሩ ያ ወንዝ ነው፤ በመካከል ሌላ ወንዝ ካመጡበት ሙግት ነው።

የሰነድ ጥቅሎች አሰያየም እንግዲህ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም ይመጣል። ቀጥሎ ዓይነቱ፦ «ዶክ» ቢል መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ «ሄልፕ» ቢል በፕሮግራሙ ውስጥ የሚከፈት እርዳታ ነው፤ «ኤል10ኤን» ቢል የምናሌውና የቁልፎቹ ትርጉም ነው። ይህ የመጨረሻው እንቆቅልሽ ይመስላል። ለአገር ተስማሚ ማድረግ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል 12 ፊደል ስላለው፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አስቀርተው በመካከል ያሉትን 10 ፊደሎች በቁጥር ተኩዋቸው። ተማሪዎቼ ይህን በሰሙ ቀን ደባርቅን «ደ2ቅ»፣ ዳባትን «ዳ1ት» እያሉ በደብተራቸው ሽፋን ሁሉ ላይ ጻፉ። ከሁሉ በኋላ የቋንቋው ምልክት እንደ ጅራት ይቀጠላል። «ማንፔጅስ» የሚባለው የትእዛዞች መመሪያ የፈረንሳይኛው «ማንፔጅስ-ኤፍ-አር»፣ የጀርመንኛው «ማንፔጅስ-ዲ-ኢ»፣ የጃፓንኛው «ማንፔጅስ-ጄ-ኤ» ነው።

የእንግሊዝኛውስ? የእንግሊዝኛው ባዶውን «ማንፔጅስ» ነው፤ ጅራት የለውም። እዚህ ላይ ትንሽ ቅር ይለኛል። የቤቱ ባለቤት ስሙ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው እንግዳ ነው። ጅራት የሌለው ጥቅል «እኔ መመሪያው ነኝ» ይላል፤ ጅራት ያለው ግን «እኔ የመመሪያው ትርጉም ነኝ» ይላል። ሁሉም እንዲህ አድርገዋል ብዬ አላማም። የአፕቲቲዩድ መመሪያ አዘጋጆች ለእንግሊዝኛውም እንደ ሌሎቹ «ኢ-ኤን» የሚል ጅራት ቀጥለውበታል፤ የሊብረ ኦፊስ እርዳታም የአሜሪካውን እንግሊዝኛ በጅራቱ ይጠራል። በበኩሌ ይህኛውን እመርጣለሁ። ጥቅሙም ለክብር ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ጅራት ካለው ዝርዝሩን ያየ ሰው ያለ ማንም አስተማሪ ሥርዓቱን ከራሱ ከዝርዝሩ ይማራል።

ምናልባት «ለምን ሁለት ፊደል ብቻ? አማርኛ ተብሎ በሙሉ ቢጻፍ ምን ነበረበት?» ይሉኝ ይሆናል። መልሱን ለማየት ከቤቴ ደጃፍ ቀና ማለት ይበቃኛል። የእኛን የስሜን ተራራ በላቲን ፊደል ሲጽፉት አንዱ «ኤስ-አይ» ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው «ኤስ-ኢ» ይላል፤ በመጨረሻውም አንዱ «አይ» ይጨምራል፣ ሌላው ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ብሔራዊ ፓርካችንን የሚመለከት ጽሑፍ ሲፈለግ አራቱንም አጻጻፍ መሞከር የግድ ነው። ደግሞም የአገራችን ከፍተኛው ተራራ እኛ ራስ ደጀን የምንለው ሲሆን በውጭ ካርታዎች ራስ ዳሸን ሆኖ ኖሯል፤ ያም ስም ተመልሶ መጥቶ የባንክና የቢራ ስም ሆነ። አንድ ተራራ ይህን ያህል ካስቸገረ ሰባት ሺህ ያህል ቋንቋዎችማ እንዴት ይሆናሉ? አጭሩ ምልክት የተፈለገው ማንም እንዳይከራከርበት ነው።

ይሁን እንጂ ምልክቱም ሁለት ሆነ። ሁለት የላቲን ፊደሎች ቢጣመሩ 676 ብቻ ስለሚሆኑ፣ ከዚያም የተሰጡት ከ200 ያነሱ ስለሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ባለ ሦስት ፊደል መዝገብ ወጣ፤ በ2007 ደግሞ ሰፊው ተከተለ። አማርኛ በዚያኛው «ኤ-ኤም-ኤች» ነው። ሕጉ ባለ ሁለቱ ካለ እሱን ተጠቀም ይላል። የአማርኛ የፊደል ማረሚያ የቃላት ዝርዝር የያዘው ጥቅል «አስፔል-ኤ-ኤም» ይባላል፤ የኡቡንቱም የአማርኛ ጥቅል «ላንጉጅ-ፓክ-ኤ-ኤም» ነው። ነገር ግን የታተመ ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ቴሴራክት የሚባለው ፕሮግራም ባለ ሦስቱን መርጦ ጥቅሉን «ቴሴራክት-ኦ-ሲ-አር-ኤ-ኤም-ኤች» አለው። አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቋንቋ በአንድ መደርደሪያ ላይ በሁለት ስም! በወረቀት ጽፎ ጎንደር የሚልክ ሰው ሁለቱንም መጻፍ አለበት።

አሁን ደግሞ ያስገረመኝን ልጨምር። ከ80 በላይ ከሚሆኑት የአገራችን ቋንቋዎች ባለ ሁለት ፊደል ምልክት ያገኙት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 መንግሥት የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ ከአማርኛ ጋር ያሰበላቸውም እነዚሁ ሆኑ። አንዱ ሌላውን አይቶ ያደረገው አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ ተራራ ላይ ሆነው የተመለከቱ ይመስላል፤ ከሩቅ የሚታየው ሰፊው ሜዳ ነው። ሲዳምኛ «ኤስ-አይ-ዲ»፣ ወላይትኛ «ደብልዩ-ኤ-ኤል»፣ ግእዝ «ጂ-ኢ-ዜድ» ናቸው። በእኛ አቅራቢያ ያለው ኽምጣንግኛ «ኤክስ-ኤ-ኤን»፣ አውኛ «ኤ-ደብልዩ-ኤን» ይባላሉ። በጭልጋ አካባቢ ጥቂት ሽማግሎች ብቻ የቀሩለት ቅማንትኛ «ኤ-ኤች-ጂ» ነው። ይህን ምልክት ከቅማንትኛ ስም ተነሥቶ የሚገምት ሰው ካለ እጅ እነሣለሁ። አያቱ ቋንቋውን የሚያውቁ አንድ ተማሪ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ከሰቀልነው ዝርዝር ውስጥ ምልክቱን አይቶ፣ «መምህር፣ በዚህ ስም ምን ጥቅል አለ?» አለኝ። ፈለግን፤ በዲስካችን ላይ ካሉት አንድም አልነበረም። ምልክቱ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አንድ ሰው ነገ መቶ ቃል ሰብስቦ ቢያቀርብ «የት እናስገባው?» የሚል አይኖርም። ልጁም በደብተሩ ላይ ሦስቱን ፊደሎች ጻፋቸው።

ፍለጋውን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጣል። በጥቅሎች ዝርዝር ውስጥ «ኤ-ኤም» ብለው ቢፈልጉ መዓት ይወርድብዎታል፤ ፕሮግራም የሚለውም፣ ጨዋታ የሚለውም የእንግሊዝኛ ቃል እነዚያ ሁለት ፊደሎች አሉበት። ጭረት ጨምረው ቢፈልጉ «ኤ-ኤም-ዲ64» የሚባለው የመሣሪያ ዓይነት ይመጣብዎታል። መድኃኒቱ ኮከብ፣ ከዚያ ጭረት፣ ከዚያ ኤ-ኤም ብሎ መጻፍና እዚያው ላይ ማቆም ነው፤ ይኸውም «በጭረትና በኤ-ኤም የሚያልቀውን ሁሉ አምጣ» ማለት ነው። ጅራቱን መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ተማሪዎቼ ግን በዚህ አይረኩም። «የራሳችን ፊደል እያለን ለምን በላቲን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ኮምፒዩተሩ ፊደል አላውቅም ሊል አይችልም። የከለከለው ከላይ የነገርኩዎ ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ ቢነሣ ምን እንደሚሆን ለማየት ሠላሳ ሦስት ተማሪዎችን «ሰነድ» ጻፉ አልኋቸው። ከፊሎቹ በንጉሡ ሠ፣ ከፊሎቹ በእሳቱ ሰ ጻፉ። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ስም፣ ሁለት ጥቅል ነው። በሀ፣ በሐና በኀ፣ በአና በዐ፣ በጸና በፀ እንዲሁ። ሊቃውንቱ ልክ የሆነው አንዱ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ግን ጎንደር የሚሄደው የአውቶቡስ ረዳት ሊቅ አይደለም። እኛ ራሳችን በአጻጻፍ ሳንስማማ በፊደላችን የተጻፈ የጥቅል ስም ችግሩን ከላቲን ወደ ግእዝ ማዛወር ብቻ ይሆናል። ይህን ስል ጥቂት ተማሪዎች ተቀየሙኝ።

ደስ ያሰኛቸው ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ ጂ-ኤን-ዩ ሲ ላይብረሪ የሚባለው ክፍል፣ ቀንና ገንዘብ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቃላትም በምን ተራ እንደሚደረደሩ በየቋንቋው ይመዘግባል። የግእዝ መዝገብ አለው። ከዚያ ጎን ደግሞ ሌላ የግእዝ መዝገብ አለ፤ በስሙ መጨረሻ ላይ የኢ-ሜይል ምልክት የሆነችው ክብ «አት» ትገባና «አበገደ» ተብሎ በላቲን ይጻፋል። አዎን፣ አበገደ! የቤተ ክህነት ተማሪ የሚያውቀው ተራ። ሀለሐመ ብለን የቆጠርን ልጆች፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የኪዳነ ወልድ ክፍሌን ወይም በ1962 ዓ.ም. የወጣውን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ስንገልጥ ግራ የሚገባን ሁለቱም በአበገደ ስለተደረደሩ ነው። ይህን ልዩነት ለኮምፒዩተር በስም ጅራት የነገሩት ሰዎች፣ የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ባልደረቦች፣ የኔታ ቢያዩት የሚመርቋቸው ይመስለኛል።

ስሙን መለወጥ ካልተቻለ መግለጫውን መተርጎም ይቻላል። በዴቢያን ውስጥ የጥቅል መግለጫዎችን በየቋንቋው የሚተረጉሙ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር አለ። ስሙ በላቲን እንደሆነ ይቀራል፤ ከስሩ ግን «ይህ ጥቅል ምን ይሠራል» የሚለው አጭር ጽሑፍ በራስ ቋንቋ ይነበባል። ይህ ለእኛ ተስማሚ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር በደብተር ላይ መተርጎም ጀምረናል፤ በአስፔል-ኤ-ኤም ነው የጀመርነው።

ሥራው ግን በመጀመሪያው ቃል ላይ ቆመ። ጥቅሉን ራሱን ምን እንበለው? ግማሾቹ «ፓኬጅ እንበል፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል» አሉ። ሌሎቹ ተቃወሙ፤ በእኛ ገጠር ፓኬጅ ማለት የጤና ኤክስቴንሽን ወይም የግብርና ሠራተኛዋ ይዛው የምትመጣው ነገር ነውና፣ አባቶቻችን «ማዳበሪያ መጣ ወይ?» ይሉናል አሉ። እጅ አውጥተን ቆጠርን፤ 19 ለጥቅል፣ 14 ለፓኬጅ ሆነ። የተሸነፉት አሁንም በመካከላቸው ፓኬጅ እያሉ ይጠሩታል፤ በደብተሩ ላይ ግን ጥቅል ብለን ሁለተኛውን መስመር ጀምረናል።